ጠዋት ተክሊል፣ ቀትር ላይ ሆቴል፦ አንድ ልብስ ለሁለቱም

ጥያቄ፦ «የባለቤቴ ታናሽ እህት በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ ትዳራለች። ጠዋት ተክሊል ነው፣ ከዚያ መናፈሻ ውስጥ ፎቶ፣ ምሳ ደግሞ ሆቴል። የጥሪ ካርዱ ላይ ‹አለባበስ፦ ፎርማል› ይላል። ሀበሻ ቀሚስ ልልበስ ወይስ ሱፍ? ነጭ ብለብስ ሙሽራዋን መሻማት አይሆንብኝም? የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ። ሁለት ልብስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሀበሻ ቀሚስ ልበሺ። ሱፍ ጠልቼ አይደለም። ምረቃ ወይም ማዘጋጃ ቤት የሚፈረም ጋብቻ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ሱፍ እልሽ ነበር። አንቺ ግን ቀንሽን የምትጀምሪው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ነጠላ ትለብሻለሽ፣ ጫማ ታወልቂያለሽ፣ ረጅም ሰዓት ትቆሚያለሽ። ጉርድና ኮት ላይ ነጠላ መደረብ ይቻላል፤ ነገር ግን የኮቱ ትከሻ ነጠላውን ያንሸራትተዋል። ልጅ ታቅፈሽ ነጠላ ስታነሺና ስትጥዪ ቅዳሴው ያልቅብሻል።

«ፎርማል» መባሉ አያስደንግጥሽ። በፈረንጆቹ ደንብ እንኳ የቀኑና የማታው የክብር ልብስ ይለያያል። ቱክሲዶና ወለል የሚጠርግ ብልጭልጭ ቀሚስ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚለበሱት። ቀን ላይ የሚዳር እንግሊዛዊ ደንቡን ከጠበቀ ኋላው ረዘም ያለ ግራጫ ወይም ጥቁር ኮት ነው የሚያደርገው። እኛ ጋ ቀትር ላይ በቱክሲዶ የሚታይ ሙሽራ ሞልቷል። ቀኑ የእሱ ነውና ይሁንለት። እንግዳ ግን የማታ ልብስ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ሲቆም ከትናንት ግብዣ በቀጥታ የመጣ ይመስላል።

ነጭን በተመለከተ ያለሽ ስጋት ከፊልም የመጣ ይመስለኛል። በእኛ ሠርግ ነጭ የእንግዳም ልብስ ነው፤ ተክሊል ላይማ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ የምታዪው ነጭ ነው። ሙሽራ የሚሻሙት በቀለም ሳይሆን በሌላ ነገር ነው፦ ካባ በመደረብ፣ ኋላው የሚጎተት ቀሚስ በመልበስ፣ ከአንገት እስከ እግር በጥልፍና በፈርጥ በመሞላት፣ ራስ ላይ ዘውድ መሰል ጌጥ በመድፋት። እነዚህን ለእሷ ተዪላት። ይልቅስ ጨርቅ ከመግዛትሽ በፊት ለአማትሽ ደውዪ። ብዙ ቤተሰብ የሙሽራ ወገን ሴቶች አንድ ዓይነት ጥለት እንዲለብሱ አስቀድሞ ያዛል። አንቺ በራስሽ ገዝተሽ ከጨረስሽ በኋላ «የኛ ጥለት እኮ ወይን ጠጅ ነው» ብትባዪ ገንዘብሽ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። የሚዜዎቹንም ቀለም ጠይቂ። እነሱ አረንጓዴ ለብሰው ያንቺም ጥለት አረንጓዴ ከሆነ ፎቶ ላይ ሳታስቢው ትርፍ ሚዜ ትሆኛለሽ። ለመልስም ከተጠራሽ ያን ቀን ሙሽራዋ ራሷ ሀበሻ ቀሚስና ካባ ስለምትለብስ ያንቺ ቀለል ያለ መሆኑ ይጠቅምሻል። ያንኑ ቀሚስ በሌላ ነጠላ መልበስ ምንም ነውር የለውም።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ፤ የቀን ልብስ የሚያምረውም የሚበላሸውም በጨርቁ ነውና። ደንበኞቼ ሱቄ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ስልካቸው ላይ ያለ ሞዴል ነው። ፎቶው በአብዛኛው ማታ አዳራሽ ውስጥ ወይም በስቱዲዮ መብራት የተነሳ ነው። ያው ልብስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መናፈሻ ውስጥ ሲቆም መልኩን ይቀይራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ጥር ደግሞ ደመና የማይበዛበት ወር ስለሆነ ፀሐይዋ ትበረታለች። ሽፎኑ ውስጡን ያሳያል፣ ወርቀዘቦው ዓይን ይወጋል፣ ፖሊስተሩ ያልብሻል።

ላንቺ የምመርጥልሽ ፈትል ነው። በእጅ የተፈተለው ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ አየር ያስገባል፣ ክብደት ስላለው ነፋስ አይገልጠውም። ጠዋት ብርዱን፣ ቀትር ላይ ሙቀቱን ይችላል። ጉዳቱ ቶሎ መጨማደዱ ነው፤ ከመኪና ስትወርጂ ጭንሽ ላይ መስመር ይኖራል። እኔ የጥጥ መጨማደድ አያሳፍርም ባይ ነኝ፤ ማንም የሚያየው ቀሚስ ላብ ያረጠበውን እንጂ የተጨማደደውን አይደለም። ፈትሉ ከከበደሽ መነን ውሰጂ። በፋብሪካ ክር የሚሸመን ስለሆነ ለስለስና ሳሳ ይላል፤ ጥሩ ገበር ግን የግድ ነው። በነገራችን ላይ ነጭ ሲባል አንድ ነጭ ብቻ አይደለም። በኬሚካል የነጣው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ በፀሐይ ፎቶ ሲነሳ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ የለባሿም ፊት ይጠቁራል። ያልነጣው፣ የጥጡን የራሱን መልክ የያዘው ክሬም መሳይ ነጭ ለፊትም ለካሜራም ይስማማል። በዚያ ላይ ከሙሽራዋ ቬሎ ጎን ስትቆሚ ልዩነቱ ስለሚታይ ስጋትሽም በዚያው ይቃለላል።

ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ስትገዢ ጨርቁን ገልብጠሽ እዪው። የተሸመነ ጥለት ከጀርባው ክር አለው፤ ቀለሙም እዚያ በኩል አይደበዝዝም። የታተመ ከሆነ ፊቱ ደምቆ ጀርባው ገርጥቶ ታገኚዋለሽ። አሁን ከውጭ የሚገባው ጥለት አስመስሎ የታተመ ጨርቅ ስለበዛ ይህን ሳታዪ ሂሳብ አትክፈዪ። ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠርሽ ከጠርዙ አንዲት ክር ለምነሽ በክብሪት አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ።

የጥለቱንም ቀለም ሱቅ ውስጥ ሆነሽ አትምረጪ። የሱቅ መብራት ቀለም ይቀይራል፤ ወይን ጠጅ ያልሽው ውጪ ሲወጣ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ጨርቁን ይዘሽ በሩ ላይ ውጪ። እዚያው ሳለሽ ሌላም ፈትኚ፤ አብራሽ የሄደችው ሰው ጨርቁን ፀሐይ እንዲመታው አድርጋ ትዘርጋው፣ አንቺ ከዚህኛው ወገን ሆነሽ እዪ። የእጇ ጣቶች ከተቆጠሩ መናፈሻው ውስጥ ፀሐይ ከጀርባሽ ሲመጣ እግርሽም ይቆጠራል። ለዚህ መድኃኒቱ ገበር ነው። ሰፊዎች እርካሽና የሚያንሸራትት ስለሆነ ፖሊስተር ገበር ማድረግ ይወዳሉ። እምቢ በይ። በጥጥ ቀሚስ ውስጥ ፖሊስተር ገበር ካለ ለጥጡ ያወጣሽውን ገንዘብ ወንዝ ጣልሽው ማለት ነው። ከሥር የምትለብሺው የውስጥ ልብስም ነጭ አይሁን። ነጭ ከነጭ ሥር ጎልቶ ይታያል፤ የቆዳሽን ቀለም የሚመስለው ይሰወራል።

ወርቀዘቦ ያለበት ጥለት ማታ በመብራት ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ቀን ላይ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ላንቺ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለሽ፤ ያ ክር ይቧጭራል። ልጅሽ ጉንጩን ደረትሽ ላይ አስደግፎ ሲተኛ ቀይ ምልክት ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ጥለቱ የጥጥ ክር ወይም ለስላሳ የሐር መሰል ክር ይሁን። ቀለሙ የፈለገውን ያህል ይድመቅ እንጂ አያብለጭልጭ። ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ በፀሐይ ብርሃን የሚያምሩትን ያህል በአዳራሽ መብራት አያምሩም። ቀኑን ተጠቀሚበት።

አቆራረጡ ላይ ሰፊው ሳያዳምጥሽ እንዳይቆርጥ። ተዘጋጅተው የሚሸጡት ሀበሻ ቀሚሶች ዚፓቸው ከኋላ ነው፤ በዚያ ልብስ ልጅ ማጥባት ማለት መኪና ውስጥ ገብቶ ልብስ ማውለቅ ማለት ነው። የእኛ ቀሚስ ግን ከአንገት ወደ ታች መሐል ላይ የሚወርድ ጥለት ስላለው ዕድለኛ ነሽ። በጥለቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ሥር ድብቅ ዚፕ ይገባል፣ ከጡት በታች ድረስ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ማንም አያውቀውም። ከላይ ነጠላሽ ይሸፍንሻል። ዚፑ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ይሸፈን፤ ያለዚያ ልጁን ይቧጭረዋል። የጡት ወተት መምጠጫ ፓድም አትርሺ። ወተት ከፈሰሰ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀቀው፤ ሙቅ ውኃ እድፉን ያጸናዋል።

እጅጌው ሰፊ አይሁን። ሰፊ እጅጌ ፎቶ ላይ ክንፍ ይመስላል፤ ቡፌ ላይ ግን ከአንቺ ቀድሞ ዶሮ ወጡን የሚቀምሰው እሱ ነው። ከክርን ትንሽ ወረድ ብሎ ጠበብ የሚል እጅጌ ለቤተ ክርስቲያንም ጨዋ ነው፣ ልጅ ለመታቀፍም አያስቸግርም። ወገቡ በስፌት ከሚጠብ በመቀነት ይያዝ። ከምሳ በኋላ ትለቂዋለሽ፤ ልጁን ጡት ስታስጥዪ ሰውነትሽ ሲለወጥም ልብሱ አብሮሽ ይኖራል። በዚሁ ምክንያት በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የስፌት ትርፍ ይተውልሽ።

ስለ ርዝመት ደግሞ ብዙ ሴት የማታስበው ነገር አለ። ልክ ስትለኪ ባለ ታኮ ጫማ አድርገሽ ከቆምሽ ሰፊው ርዝመቱን በታኮው ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማሽን ስታወልቂ ታኮው የሰጠሽ 8 ሴንቲ ሜትር አብሮት ይወልቃል። የቀሚሱ ጫፍ ምንጣፍ ይጠርጋል፣ ልጅ ታቅፈሽ ከመስገድ ስትነሺ ትረግጪዋለሽ። በባዶ እግርሽ ሆነሽ ተለኪ፤ ጫፉ ከቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይረፍ። ጫማ ስታደርጊ ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ አያጥርም። ይህ ማለት ደግሞ ታኮሽ ዝቅተኛና ወፍራም ይሁን ማለት ነው። ቀጭን ታኮ መናፈሻው ሣር ውስጥ ይሰምጣል፣ ከነጭራሹም ልጅ ለታቀፈ ሰው አይመከርም። ማሰሪያ የሌለው፣ እግር ብቻ የሚገባበት ይሁን፤ አንድ እጅሽ ሥራ ላይ ነው። ጫማሽን የምትከችበት የጨርቅ ከረጢት ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪ። ተክሊል በሚበዛበት እሑድ ደጃፉ ላይ ተመሳሳይ ጫማ ብዙ ነው፤ ሳይሳሳት የሚወስድም አለ።

የጥር ጠዋት ብርዱን ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ በዚያ ወር ማለዳ 8 ዲግሪ አካባቢ ትሆንና ቀትር ላይ 24 ትደርሳለች። ይህን ልዩነት በአንድ ልብስ መሻገር የሚቻለው በመደራረብ ነው። ቀሚሱ ራሱ ወፍራም እንዲሆን አትፈልጊ፤ ከነጠላው ጋር ወፈር ያለ ኩታ ያዢ። ጠዋት ኩታውን ትለብሻለሽ፣ ረፋድ ላይ ለአማትሽ ወይም ለመኪናው ትተዪና በነጠላ ትቀጥያለሽ። በቀሚስ ላይ ጥቁር ካርዲጋን መደረብ ግን የልብሱን መልክ ይገድለዋል። ግድ ከሆነብሽ ከጥለትሽ ቀለሞች አንዱን ተከትለሽ ምረጪ።

ነጠላውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለቱን ጫፍ ደረትሽ ላይ አመሳቅለሽ ወደ ኋላ ትጥያለሽ። ይህን ለአንቺ መንገር አይገባኝም፤ ግን ምሳ ላይ ሰዉ ሁሉ ነጠላውን እንዳሻው ሲያደርግ አንድ ነገር ጠብቂ። ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ አንገትና ፊትሽ አጠገብ እንዳይመጣ፤ እሱ የሐዘን አለባበስ ነው። ሠርግ ላይ አሮጊቶች ቶሎ ያዩታል፣ ዝም ብለውም አያልፉም።

ጌጥ ላይ አጭር ልሁን። አንገትሽ ላይ ጥለት ካለ የአንገት ሐብል አይጨመርም። ጆሮ ጌጥሽ ትንሽ ይሁን፤ ትልቁን ልጅሽ ይጎትተዋል። ሜካፕ ከተቀባሽ ቀሚሱን ከመልበስሽ በፊት ጨርሺ፣ ስትለብሺም ፊትሽን በሻሽ ሸፍኚ። የፈትል አንገትጌ ላይ ያረፈ ፋውንዴሽን በቀላሉ አይለቅም።

ምሳ ላይ ነጠላውን አጥፈሽ ከጀርባሽ አድርጊው፣ ጭንሽ ላይ ሰፊ ናፕኪን ዘርጊ። ጉርሻ የሚያጎርሱሽ አክስቶች ግን መቼም አይቀሩምና ወጥ ቢንጠባጠብ አትሺው። በማንኪያ ጫፍ አንሺውና ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፤ ቅቤውን ይመጥጠዋል። ቤት ስትደርሺ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ ስጪው። ቅባቱ ከወጣ የበርበሬውን ቀይ ፀሐይ ራሷ እያደበዘዘች ታጠፋዋለች። በረኪና ግን እንዳታስጠጊ፤ ጥለቱን ይበላዋል።

ባለቤትሽን አልጠየቅሽኝም፤ ግን አንቺ በፈትል እሱ በቱክሲዶ አትሂዱ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከላይ ነጠላ። ጥቁር ሱፍ የጥርን አቧራ እስከ ምሳ ድረስ ሰብስቦ ያሳያል። ክራባቱ ከጥለትሽ አንዱን ቀለም ቢነካ ያምራል። ከዚያው ጨርቅ ክራባትና የልጅ ልብስ ማሰፋት የሚወዱም አሉ፤ የልብስ ሰፊ ኪስ ይጠቅማል እንጂ እኔ አልመክረውም።

ጊዜውን በተመለከተ ኅዳር ሳይወጣ እዘዢ። ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ መሐሉ ሁሉ ሠርግ ነው። በዚያ ሰሞን ሸማኔውም ሰፊውም «ነገ ነዪ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላቸውም። ጨርቁን ቀድመሽ ብትገዢ ሌላም ትርፍ አለው፤ በእጅ የተሸመነ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይደርቅ። ሰፊዎች ይህን የሚያደርጉት ሲጠየቁ ብቻ ነው። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑንም ያኔውኑ ታውቂያለሽ፤ እርጥቡን ጥለት በነጭ ጨርቅ ጫን በዪበት፣ ነጩ ከተነካካ ሻጩ ዘንድ ተመለሺ። ቀብድ ስትከፍዪ ደረሰኙ ላይ «ጨርቁ ይነከር፣ ገበሩ ጥጥ፣ ዚፑ በጥለቱ ጠርዝ፣ ርዝመቱ በባዶ እግር» ተብሎ ይጻፍልሽ። ለመጨረሻው ልክ ስትሄጂ ልጁን ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ አጥቢው። ዚፑ የሚያስቸግር ከሆነ ሰፊው ገና በእጁ ሳለ ያስተካክለዋል።